የታሪክ መምህሬ ዐረፉ፤ በአርባቸው ምን ልበል?

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርት ነኝ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስማር የመመረቂያ ጽሑፌን ያማከሩኝ ፕሮፌሰር በቅርቡ ዐረፉ። የሰማሁት ከሰልስቱ በኋላ ነው። ታመው ሳሉም አልጠየቅኳቸውም። ዛሬ ነገ ስል ቀረሁ። አሁን የቀድሞ ተማሪዎቻቸው በአርባቸው ዕለት እንድናገር መረጡኝ። ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ‹ታላቅ ምሁር፣ አባት፣ የዕውቀት ጎተራ› ከማለት አላልፍም። እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ ብወስድላቸው እሳቸው በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዙት ነበር። ኃይለኛም ነበሩ። ስለ ባቲ ገበያ የጻፍኩትን ሙሉውን እንደገና አስጽፈውኛል። በእሳቸው የተነሳ ትምህርት ክፍል የቀየሩ ልጆችም አሉ። ይህን ባነሳ ሙት ወቃሽ እሆናለሁ? በዚያ ላይ ከተማሪዎቻቸው ግማሹ ‹በፖለቲካ የኛ ወገን ነበሩ› ይላል፣ ግማሹ ‹የለም፣ የኛ ናቸው› ይላል። ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው። ባለቤታቸውም ወደ ልጆቻቸው ሊሄዱ ስለሆነ ቤቱ ሊከራይ ነው። አንድ ክፍል ሙሉ ወረቀትና ካሴት አለ። ምን ላድርግ? ገንዘብ አዋጥተን ፎቷቸው ያለበት ቲሸርት እናሠራ የሚሉም አሉ።»

የቀድሞ ተማሪያቸው፣ ከደሴ

ውድ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጥናሽ። ነፍሳቸውን ይማር።

የጠየቅሽኝ በዋናነት ስለ ንግግሩ ነው። እኔ ግን ከክፍሉ ልጀምር። በአርባው ያላልሽውን በሙት ዓመቱ ልትይው ትችያለሽ። ቤቱ ከተከራየ በኋላ ግን ወረቀቱን የትም አታገኚውም። ምሁር ሲሞት ብዙ ጊዜ የሚሆነውን ታውቂዋለሽ። መጻሕፍቱን ዘመድ ይከፋፈላቸዋል፣ የቀሩት ለአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ይሸጣሉ። በእጅ የተጻፈው ወረቀት ዋጋ ያለው አይመስልም። ቁራሌው በኪሎ ይወስደዋል፣ ከዚያ የቆሎ መጠቅለያ ይሆናል። ይህ እንዳይሆን ማድረግ የምትችይው ደግሞ በዚህ ወር ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ለባለቤታቸው ደውዪ። የምትደውዪው ለወረቀቱ ሳይሆን ለለቅሶ ነው። ለቅሶ መድረስ አይረፍድም። እንዲያውም ሰው ይበልጥ የሚያስፈልገው ድንኳኑ ተነቅሎ፣ እድሩም ወንበሩን ሰብስቦ ከሄደ በኋላ ነው። ቤት ያን ጊዜ ነው ጭር የሚለው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ለአርባው ዕለት ብቻ ከመምጣት ከዚያ በፊት አንድ ቅዳሜና እሑድ መድቢ። ሄደሽ አብረሻቸው ተቀመጪ። ፕሮፌሰሩ ታመው ሳሉ አለመጠየቅሽንም ለሌላ ለማንም ሳይሆን ለባለቤታቸው ንገሪያቸው። «መምጣት ነበረብኝ፣ አልመጣሁም፣ ይቅር ይበሉኝ» በይ። ምክንያት አትደርድሪ። ይህ ቁጭት ምንም ብታደርጊ ሙሉ በሙሉ አይለቅሽም። ሐሰተኛ ማጽናኛ ልሰጥሽ አልፈልግም። ይቅርታ የጠየቀ ሰው ግን ቀና ብሎ ቀጣዩን ሥራ ሊሠራ ይችላል።

ስለ ክፍሉ የምታነሺው ከዚህ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ከፈቀዱ ለልጆቻቸውም ደውሉ። ይህን አትለፊው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ያልታተመው ረቂቅ፣ ማስታወሻው፣ ሁሉም አሁን የወራሾቻቸው ነው። በጽሑፍ ሳይፈቅዱልሽ አንዲት ገጽ እንኳ ከቤት አታውጪ። የቤተሰብ ደብዳቤና የግል ማስታወሻ ካለ መጀመሪያ እነሱ ይዩት፣ የሚያስቀሩትን ያስቅሩ።

ክፍሉ ውስጥ ስትገቢ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። አታስተካክዪው። እኛ ሐዘን ቤት ስንሄድ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ አይሆንልንም፣ ማጽዳትና መደርደር እንጀምራለን። የተመራማሪ ወረቀት ግን የተቀመጠበት ቅደም ተከተል ራሱ መረጃ ነው። አንድ ፋይል ውስጥ የግብር ደረሰኝና የአንድ ሽማግሌ ቃል አብረው ከተገኙ ያለ ምክንያት አይደለም። ከለያየሽው ምክንያቱን ማንም መልሶ አያገኘውም። ስለዚህ መጀመሪያ መደርደሪያውን እንዳለ በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ካርቶን ቁጥር ስጪና ውስጡ ያለውን በሁለት በሦስት መስመር ደብተር ላይ መዝግቢ። ከዚህ የበለጠ አሁን አያስፈልግም።

የእጅ ሥራውም ቀላል ነው። ላስቲክ የታሰረበት ካለ ፍቺው፣ ሲያረጅ ወረቀት ላይ ይጣበቃል። የዛገ አግራፍና የስቴፕለር ሽቦ ቀስ ብለሽ አውጪ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፊ፣ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ወረቀቱን ያጠቁረዋል። በፌስታል ቋጥረሽ አትተዪ፣ ውስጡ ያልበዋል። ካርቶኖቹን ከወለል ከፍ አድርጊ፣ እርጥበቱም ምስጡም የሚመጣው ከታች ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ካሴቱ ነው። በእሳቸው ዘመን አዛውንት ለማነጋገር ገጠር የወረደ የታሪክ ምሁር ቴፕ ይዞ ነበር የሚሄደው። እዚያ ክሮች ላይ ድምፃቸው ያለው ሰዎች ምናልባት የጣሊያንን ወረራ በዓይናቸው ያዩ፣ የባላባቱን ግብር በጀርባቸው ተሸክመው ያደረሱ ናቸው። ዛሬ ሄደሽ እንደገና ልትጠይቂያቸው አትችዪም። ስለዚህ «ምን እንዳለበት እንስማው» ብላችሁ በአሮጌ ቴፕ እንዳትከፍቱት። ያረጀ ማጫወቻ ክሩን ጎትቶ ይበጥሰዋል። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ስም፣ ቦታና ቀን ፎቶ አንሺ። ከዚያ ሥራውን ለሚያውቅ የድምፅ ባለሙያ ወስዳችሁ ወደ ዲጂታል አስገልብጡት። ቅጂውም በአንድ ፍላሽ ብቻ አይቅር።

ይህን ያህል ስለ ወረቀት የማወራው የወሎ ልጅ ስለሆንሽ ትረጂኛለሽ ብዬ ነው። ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወሎ ውስጥ ስለነበረው እስልምና የጻፉት መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ከምንጮቻቸው መካከል በአካባቢው ሰዎች እጅ የቆዩ የዓረብኛ ጽሑፎችና የቃል ታሪክ ይገኙበታል። ወረቀቱን ከአባት ተቀብሎ በሳጥን ያኖረ ሰው ባይኖር የሚጠቀስ ነገር አይኖርም ነበር። የፕሮፌሰርሽ ባለቤት ዛሬ በዚያ ሰው ቦታ ላይ ናቸው። ይህን ስትነግሪያቸው ይገባቸዋል። ከአንድ የታሪክ ሰው ጋር የኖሩ ናቸው።

የት ይሰጥ ለሚለው፣ መጀመሪያ የማስበው ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ፓንክረስት የካቲት 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሲያርፉ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። መቃብራቸውን ጎብኝቶ የሚያውቅ ምን ያህል እንደሆነ እንጃ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ ግን ስንት ተመራማሪ አንብቧል። ሌላው ቦታ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው። ለቤተሰቡ «ሁሉንም ይቀበላሉ» ብለሽ ቃል አትግቢ። ያን በደብተር የያዝሽውን ዝርዝር ይዘሽ ሂጂና አነጋግሪያቸው። ዝርዝር ይዞ የመጣ ሰው ይደመጣል። ወሎን የሚመለከት ነገር ካገኘሽ ቅጂውን ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ማስቀረትሽንም አትርሺ።

እንግዲህ ወደ ንግግሩ።

በቀብር ዕለት የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እናውቀዋለን። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ… ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው…» ይባላል። ያ ተነቧል፣ ቦታም አለው። አንቺ የተጠራሽው እሱን በሚያማምሩ ቃላት እንድትደግሚው አይመስለኝም።

የመመረቂያ ጽሑፍሽን አንሺና የመጨረሻዎቹን ገጾች ተመልከቺ። የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር አለ። ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን፣ ሰውየው ስለ ምን ጉዳይ እንደሚያውቅ። ስለ ባቲ ይህን ሠርተሻል። ያሠሩሽ እሳቸው ናቸው። አሁን ለእሳቸው ሥሪላቸው።

ከአርባው በፊት አሥር ያህል ሰው አነጋግሪ። ጓደኞችሽን ብቻ አይሁን። የትምህርት ክፍሉን ጸሐፊ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛውን፣ ለመስክ ሥራ ያመላለሳቸውን ሾፌር፣ ጎረቤታቸውን። አብረዋቸው ያስተማሩ፣ ዛሬ በጡረታ ቤት የተቀመጡ መምህራንንም ጠይቂ። በዚያው እነሱንም ጠየቅሻቸው ማለት ነው፣ ለእነሱ «ዛሬ ነገ» አትበዪ። «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብለሽ አትጠይቂ። መልሱ «ደግ ሰው ነበሩ» ነው፣ እዚያው ይቆማል። «መጀመሪያ ያያችኋቸው የት ነው? ምን ይዘው ነበር? ምን አሏችሁ? አብሯችሁ ማን ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። ዘመኑንም አትርሺ። በ1967 ዓ.ም. ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪውና መምህሩ ወደ ገጠር ሲወጣ የት ነበሩ? እ.ኤ.አ. በ1993 ከ40 በላይ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ሲባረሩስ ምን አሉ? ሰውየው በዓይኑ ያየውን ለብቻ፣ የሰማውን ለብቻ ጻፊ። በስልክሽም ቅጂ፣ ፈቃድ ጠይቀሽ።

ሌላም ልጨምር፣ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። የመምህር ጽሑፍ ትልቁ ክፍል ያለው በተማሪዎቹ ረቂቅ ጠርዝ ላይ ነው። ያ ቀይ እስክሪብቶ! የመጨረሻው ንጹህ ቅጂ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ገብቷል። ጠርዙ ላይ የተሞነጫጨረበት ረቂቅ ግን አንቺ ቤት፣ ሌላው ቤት፣ አልጋ ሥር ወይም ቁም ሳጥን ላይ ነው ያለው፣ እሱም ካልተጣለ። «ያላችሁ አምጡ፣ ፎቶ ይነሳ» በያቸው። የታሪክ ምሁሩን መርዕድ ወልደ አረጋይን አስታውሺ። እ.ኤ.አ. በ1971 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት፣ ከ1508 እስከ 1708 ያለውን ዘመን የሚመለከተው የዶክትሬት ጽሑፍ በመጽሐፍ መልክ ሳይወጣ ለአሥርት ዓመታት ኖሯል። ያም ሆኖ የዚያን ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ሰው እሱን ሳይጠቅስ አያልፍም። ባልታተመ ወረቀት ላይ ስንት የምሁር ሥራ እንዳለ ለማሳየት እሱ ይበቃል።

ኃይለኝነታቸውን ስለማንሳት የጠየቅሽው ልብ የሚነካ ነው። መልሴ ግን ግልጽ ነው፤ ተናገሪው። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ከ1270 እስከ 1527 ስለነበረው ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት የጻፉትን አንብበሻል። ከዋና ምንጮቻቸው አንዱ ገድላት ናቸው። ገድል የሚጻፈው ቅዱሱን ለማክበር ነው። ሆኖም መነኮሳቱ ንጉሥ ዓምደ ጽዮንን ገሥጸው መሰደዳቸውን የነገረን ይኸው ገድል ነው። ጸሐፊዎቹ አባታቸውን አክብረዋል፣ ጠቡን ግን አልሰረዙትም። የታሪክ ሰው የሚፈልገውም ያንን ነው። ውዳሴው ከአንዱ ገድል ወደ ሌላው ይመሳሰላል፤ ጠቡ፣ መንገዱ፣ የቦታው ስም ግን የአንድ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ «ታላቅ ምሁር» ከማለት «ስለ ባቲ ገበያ ጽፌ ብወስድላቸው ሙሉውን እንደገና አስጻፉኝ» ብለሽ ጀምሪ። ከዚያ ለምን እንደሆነ ተናገሪ። ምን ጎድሎት ነበር? ሰኞ ገበያ ላይ የደገኛውን ነጋዴ ብቻ አነጋግረሽ፣ ጨው ጭኖ የመጣውን አፋር ባለ ግመል ሳትጠይቂ ቀርተሽ ነበር? በአንድ ሰው ቃል ብቻ ተማምነሽ ነበር? የዚያን ቀን ምን ተሰማሽ? ስትመለሺስ ምን አገኘሽ? አድማጩ ሰውየውን ያውቃቸዋል፣ ወዲያው ፊታቸው ድቅን ይሉለታል። ባለቤታቸውም ፈገግ ይላሉ እንጂ አይቀየሙም። ያ ኃይለኝነት ቤት ውስጥም አልቀረም ይሆናል።

ትምህርት ክፍል የቀየሩት ልጆች ጉዳይ ግን ሌላ ነው። አርባ የቤተሰቡ ቀን ነው። ቄስ አለ፣ ጠበል ጠዲቅ አለ፣ ያዘነ ሰው አለ። እዚያ ማይክ ይዞ የሌላን ሰው ቅያሜ ማውራት አይገባም። ግን እንዲጠፋም አልፈልግም። ከእነዚያ ልጆች አንዱን ፈልጊና አነጋግሪው። ቃሉን እንደ ሌሎቹ አሥር ሰዎች መዝግቢና ከሰነዱ ጋር አኑሪው። እሳቸው የሚያመሰግኗቸውን ብቻ ሰብስቦ «ታሪካቸው ይኸው» የሚል ተማሪ ቢያዩ ምን እንደሚሉ አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂያለሽ።

ፖለቲካው ላይ ደግሞ ጥብቅ ሁኚ። «የኛ ነበሩ» ለሚል ሁሉ አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርቢ። የት ጻፉት? ጽፈውት ከሆነ ገጹ ይምጣ፣ ይነበብ። ተናግረውት ከሆነ ማን ሰማ፣ መቼ፣ የት? ይህ ካልተገኘ በንግግርሽ ውስጥ አይገባም፣ አንቺ የምትደግፊው ሐሳብ ቢሆን እንኳ። የሞተ ሰው «እኔ እንዲህ አላልኩም» ብሎ ሊያስተባብል አይችልም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ምንጭ የሌለው ዐረፍተ ነገር ሲሰርዙ ለኖሩ ሰው ምንጭ የሌለው ዐረፍተ ነገር በአፋቸው ማስገባት ትልቅ በደል ነው። ይህ ያናድደኛል፣ አልደብቅሽም። ተከራካሪዎቹ ጓደኞችሽ ከሆኑ ደግሞ ከአርባው በፊት ሰብስበሽ ንገሪያቸው። እዚያው መድረክ ላይ እንዳይፋጠጡ።

ንግግሩ ከሰባት ደቂቃ አይለፍ። አንድ ታሪክ ከራስሽ፣ ሁለት ካነጋገርሻቸው ሰዎች፣ የሰዎቹን ስም ጠቅሰሽ። ከጽሑፋቸው አንድ አንቀጽ አንብቢ፣ የእሳቸውን ድምፅ ሕዝቡ ይስማው። እንባ ከመጣብሽ ቁሚ፣ ውኃ ጠጪ፣ ቀጥዪ። ማንም አይታዘብሽም።

ቲሸርቱን የሚፈልጉትን አትከልክዪ። ሐዘናቸውን በዚያ የሚወጡ አሉ፣ የሟችን ፎቶ በደረት ይዞ መቆም የሚያጽናናው ሰው አለ። ከመዋጮው ግን የካሴቶቹ ማስገልበጫ ይቅደም፣ ቀጥሎ የካርቶንና የፍላሽ መግዣ፣ የተረፈው ለቲሸርት ይሁን። ገንዘቡን አንድ ሰው ይያዝ፣ ሁለተኛ ሰው ሒሳቡን ይይ። የሰነዶቹን ዝርዝር ስትጨርሺ ሦስት ቅጂ አድርጊ፣ አንዱን ለባለቤታቸው ከመሄዳቸው በፊት ስጪያቸው፣ አንዱን ለልጆቻቸው ላኪ፣ አንዱ አንቺ ጋ ይቀመጥ። አርባው ካለፈ በኋላ የሆነውን ጻፊልኝ።